ማቲልዳ የማን ልጅ? የፔንማንን ወፋፍራም ልብ ወለዶች ሳትጠፉ ለማንበብ

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ባለ 50 ሉክ ይበቃል። መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ነው የምላችሁ። እኔ ያለ ደብተር ገብቼበት፣ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ፣ በአንድ እጄ መጽሐፉን በሌላው ስልኬን ይዤ፣ ቡናው ቀዝቅዞብኝ ግራ ተጋብቻለሁ። መጽሐፉ ማቲልዳ የንጉሥ ስቴፈን ሚስት ናት ይላል። ስልኬ ደግሞ ማቲልዳ ስቴፈንን ወጋችው ይለኛል። «ምን ዓይነት ትዳር ነው ይሄ?» አልኩ። ለካ ሁለት ሴቶች ናቸው።

የማወራው ስለ ሻሮን ኬይ ፔንማን ነው። አሜሪካዊት የታሪካዊ ልብ ወለድ ደራሲ ናት፤ በ1945 ተወልዳ በ2021 አረፈች (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የታክስ ጠበቃ ሆና ሠርታለች። ተማሪ ሳለች ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ስለ ሣልሳዊ ሪቻርድ የጻፈችው ከ400 ገጽ በላይ ረቂቅ ከመኪናዋ ውስጥ ተሰረቀ። ኮፒ አልነበረውም። ለዓመታት መጻፍ አቃታት፣ በኋላ ግን እንደገና ከሀ ጀምራ ጨረሰችውና በ1982 ታተመ፤ ከ900 ገጽ በላይ ሆኖ። እኔ ስልኬ የተበላሸ ጊዜ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጠፍቶብኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያለሁ።

በዚያ መጽሐፍ ግን አትጀምሩ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። በ1995 በወጣው ጀምሩ፣ ርዕሱ «ክርስቶስና ቅዱሳኑ ባንቀላፉ ጊዜ» እንደማለት ነው። አባባሉ የእሷ አይደለም። ስቴፈንና ማቲልዳ ለእንግሊዝ ዙፋን በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሕዝቡ በግልጽ እንዲህ ይል ነበር ብሎ አንድ የእንግሊዝ መነኩሴ የጻፈው ነው።

አሁን ደብተሩን አውጡ። ፈረንጆች ነገሥታታቸውን በቁጥር ነው የሚለዩት፣ ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ። የነገሥታቱ ሚስቶችና መሳፍንቱ ደግሞ ቁጥርም የላቸውም። ስለዚህ እንደኛ አድርጉት፦ ስም ከነአባት። የእንግሊዙ ንጉሥ የቀዳማዊ ሄንሪ ሚስት ማቲልዳ ማልኮልም ትባል፣ የስኮትላንዱ ንጉሥ ልጅ ናት። ልጃቸው ማቲልዳ ሄንሪ። የልጃቸው የዊልያም ሚስት ማቲልዳ ፉልክ። የስቴፈን ሚስት ማቲልዳ ዩስታስ። አያችሁ? አራት ማቲልዳ በአንድ ቤተሰብ፣ የአባት ስም ሲገባ ግን ማንም ከማንም አይምታታም። ፔንማንም ችግሩ ገብቷት የሄንሪን ልጅ «ሞድ» ብላ ትጠራታለች፣ ያው ስሙ አንድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ግን ማቲልዳ ሆና ነው የምትመጣው። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ምዕራፎቹ አናት ላይ ያለውን ቦታና ቀን አትዝለሉ። ደብተሩ ላይ ገልብጡት። በተለይ አንድ ቀን በደንብ ያዙ፦ ኅዳር 25 ቀን 1120። ነጩ መርከብ የሚባለው ከኖርማንዲ ወደብ በሌሊት ተነሥቶ ከቋጥኝ ጋር ተጋጨ፣ ሠራተኞቹ ጠጥተው ነበር። ወደ 300 ሰው ተሳፍሮበት የተረፈው አንድ ሥጋ ሻጭ ብቻ ነው። የቀዳማዊ ሄንሪ ብቸኛ ሕጋዊ ወንድ ልጅ እዚያ ሰጠመ። የንጉሡ የእህት ልጅ ስቴፈን ግን ሳይነሡ ወርዶ ነበር፣ የዘመኑ አንድ ጸሐፊ ተቅማጥ ይዞት ነው ይላል። በ1135 ሄንሪ ሲሞት መኳንንቱ ለልጁ ለማቲልዳ ሄንሪ የማሉትን መሐላ ትተው ስቴፈንን አነገሡ። ተቅማጥ ያነገሠው ሰው ብዬ ነው ደብተሬ ላይ የጻፍኩት።

ሦስተኛ፣ ጥሩ ቦታ ስትደርሱ አትሩጡ። ታኅሣሥ 1142ን ለምሳሌ። ማቲልዳ ሄንሪ ኦክስፎርድ ግንብ ውስጥ ተከብባለች፣ ምግብ አልቋል። ሌሊት ከጥቂት ፈረሰኞች ጋር ነጭ ካባ ለብሳ ወጣች፣ በበረዶው ላይ እንዳይታዩ። ቴምዝ ወንዝ ረግቷል። በላዩ ላይ በእግሯ ተሻገረች። በረዶ ለማናውቅ ሰዎች ይሄ ይከብዳል፣ እኔ እንዲህ ነው የሳልኩት፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ጉም ለብሶ የአሣ አጥማጆቹ ጀልባ ድምፁ ብቻ ሲሰማ። ያንን ውኃ ረግቶ አስቡት፣ በነጠላ ተሸፋፍናችሁ በላዩ ስትራመዱ፣ የጠላት ዘበኛ ሳል እየተሰማችሁ።

አራተኛ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን የደራሲዋን ማስታወሻ መጀመሪያ አንብቡት። ታሪኩን ያበላሽብኛል ብላችሁ አትፍሩ፣ የሞተው ከሞተ 900 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የቱን እንደፈጠረች ራሷ ትናገራለች። ራኑልፍ የሚባለው የንጉሥ ሄንሪ ዲቃላ ለምሳሌ የፈጠራ ሰው ነው፣ ንጉሡ ቢያንስ 20 ዲቃላ ስለነበረው አንድ ቢጨመር ምን ይጎዳል ብላ። ስሕተቷንም አትደብቅም። በመጀመሪያው ልብ ወለድ ግራጫ ሽኮኮ አስገብታ ነበር፣ እንግሊዝ ግራጫ ሽኮኮ ያየችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ሲመጣላት ነው፣ እሷም በራሷ ስትቀልድ ኖራለች።

አሁን ወደ 1982ቱ መጽሐፍ። እዚህ የአባት ስም ዘዴያችን ይሰበራል። ራብዓዊ ኤድዋርድ የሪቻርድ ልጅ ነው። የወንድሙ የሣልሳዊ ሪቻርድ ልጅም ኤድዋርድ ይባላል። ሁለቱም ኤድዋርድ ሪቻርድ። እሺ እስከ አያት እንሂድ ብዬ ሞከርኩ። አጎትየው ኤድዋርድ ሪቻርድ ሪቻርድ። የወንድሙ ልጅ፣ እሱም ኤድዋርድ ሪቻርድ ሪቻርድ። እዚህ ላይ ብዕሬን ወርውሬ ተነሣሁ።

መፍትሔው ቅጽል ስም ነው። አጎትየውን «ረጅሙ» አልኩት፣ አጽሙ ሲለካ ከ1.90 ሜትር በላይ ነበር። ልጁን «ትንሹ» አልኩት። በ1484፣ ገና 10 ዓመት ገደማ ሳለ ሞቷል፤ ስሙን መቀየር አላስፈለገኝም።