ዶቅማን ለይቶ ማወቅና ችግኙን ማፍላት

ልጅ ሆነን ዳንግላ አካባቢ ከብት ስንጠብቅ፣ ማታ ቤት ስንገባ እናታችን መጀመሪያ የምትለን «እስቲ ምላሳችሁን አውጡ!» ነበር። ሐምራዊ ሆኖ ከተገኘ አለቀልን። ከብቱን ጥለን ዶቅማ ላይ ተንጠልጥለን መዋላችን ታወቀ ማለት ነው።

ዶቅማ የአገራችን ዛፍ ነው። በኦሮምኛ ባዴሳ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሲዚጂየም ጊኒንስ ነው። ዘይቱን (ጉዋቫ)፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። የሚገርመው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ የማያውቅ የለም። ዶቅማ ፈልጌ የዞርኩባቸው ችግኝ ጣቢያዎች ግን መልሳቸው «የለም» ሆነብኝ። በቃ ራሴ ላፍላው አልኩ።

መጀመሪያ ዛፉን በትክክል ለዩት። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ያብለጨልጫል፣ ጫፉም ሾል ይላል። ወይራም ቅጠሉ ጥንድ ስለሆነ ከሩቅ ያሳስታል። ገልብጣችሁ እዩት፤ የወይራ ጀርባው ግራጫ ወይም ወርቅማ ቡናማ ነው፣ የዶቅማ ግን አረንጓዴ። ለጋው ቅጠል ደግሞ ወይን ጠጅ መስሎ ይወጣል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ሌላ ምልክት ነው። አንድ ቅጠል ቀንጥሳችሁ ወደ ፀሐይ አንሱት። ዳር ዳሩን ይዞ የሚሄድ ቀጭን ጅማት ታያላችሁ፣ ልክ በነጠላ ጠርዝ ላይ እንዳለ ስፌት። አበባው ነጭና ክር ክር ያለ ነው፤ ሲያብብ ንብ ይወረዋል። ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል፣ ውስጡ አንድ ዘር ብቻ አለው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬውን ለቅሜ፣ ዘሩን አጥቤ፣ ሰፌድ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ አሰጣሁት። እንደ ስንዴ ዘር መስሎኝ ነዋ! ከዚያ በከረጢት ቋጥሬ አስቀመጥኩት። ከ60 ዘር አንድም አልበቀለ። ለካ የዶቅማ ዘር ከደረቀ ይሞታል። ለከርሞ ተብሎ የሚቀመጥ ዘር አይደለም።

ስለዚህ የበሰለውን በለቀማችሁበት ቀን ሥጋውን በውኃ እያሻችሁ አውጡና ወዲያው ዝሩት። ወዲያው ካልተመቻችሁ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አሳድሩት፤ ከዚያ በላይ አታቆዩት። መዘፍዘፍም ሆነ መፋቅ አያስፈልገውም። ፍሬው የሚደርስበት ወር ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እየተመላለሱ ዛፉን ማየት ነው። ዝንጀሮና ወፍ ግን ይቀድሟችኋል።

ለፕላስቲክ ቱቦው እኔ ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ እደባልቃለሁ። ዘሩን የራሱን ውፍረት ያህል ብቻ ቅበሩት። ከላይ በሣር ዳስ አጥሉለት። ጠዋትና ማታ አርከፍክፉለት፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። የኔ ከወር በኋላ ነው ብቅ ያለው፣ ያውም ተራ በተራ። «አልበቀለም» ብላችሁ አፈሩን እንዳትደፉት።

ሥሩ ከቱቦው በታች ሲወጣ ቁረጡት፤ አለዚያ መሬት ውስጥ ገብቶ ይይዛል፣ ስታነሱትም ይበጠሳል። ክረምት ሊገባ ሲል ዳሱን ቀስ በቀስ እያሳሳችሁ ፀሐይ አለማምዱት። ሐምሌ ላይ አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ ጉድጓዱን ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ትከሉት። ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል። ወንዝ ዳር ወይም ምንጭ አጠገብ ከሆነማ ደስታው ነው። ቤት አጠገብ አትትከሉት፤ ሲያድግ ግዙፍ ይሆናል፣ የሚረግፈው ፍሬም ግቢውን ሁሉ ሐምራዊ ያደርገዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ አትንፈጉት፣ በእሾህም እጠሩት። እኔ ከተከልኳቸው 11 ችግኞች አራቱን የጎረቤት ፍየል ጨርሳቸዋለች። ሰባቱ አሁን ወገቤ ጋ ደርሰዋል፤ ባለፈው ሳምንት አንዱ ቀይ ለጋ አውጥቷል።