ከእግራቸው ጀምሩ፦ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል ለልጅ ማስረዳት

ልጄ በስድስት ዓመቷ ሥዕሉ ፊት ቆማ «አባታችን ለምን አንድ እግር ብቻ አላቸው?» ስትለኝ የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ሥዕሉን በሥርዓት ማየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ዓይን ወደ ክንፉ ይሮጣል። እናንተ ግን ከታች፣ ከተሰበረው እግር ጀምሩ። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው በደብረ አስቦ በጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ በቀረው ሰባት ዓመት ቆሙ። ስባሪውን ለብቻው ፈልጉት፤ ክንፍ አብጅቶለት የሚስል ሠዓሊም አለ። በዙሪያቸው ጦር ካለ ከልጁ ጋር ቁጠሩ፦ በፊት፣ በኋላ፣ በቀኝ፣ በግራ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት። ደክሟቸው ዘንበል እንዳይሉ ራሳቸው የተከሏቸው ናቸው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ድካማቸውን ያላየ ልጅ ክንፉን እንደ ወፍ ክንፍ ብቻ ያየዋል።

አሁን ወደ ላይ። ክንፎቹ ስድስት ናቸው፣ በኢሳይያስ 6፥2 እንዳሉት እንደ ሱራፌል። ትውፊቱ ክንፉን የሚያመጣው ከሌላ ስፍራ ነው፤ በገደል አናት ካለው የደብረ ዳሞ ገዳም በገመድ ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን ቆረጠው፣ ክንፍም ተሰጣቸው። ሠዓሊው ሁለቱን ታሪክ በአንድ ገላ ላይ ማገናኘቱን እጅግ እወድለታለሁ። አክሊል የያዘ መልአክ ካለ ራእይ 2፥10ን አንብቡለት።

ለዚህ የሚመቸው ቀን ጥር 24፣ የስባረ ዐፅማቸው፣ ማለትም እግራቸው የተሰበረበት መታሰቢያ በዓል ነው። ሕዝቡ ስለሚበዛ ሥዕሉን ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ አሳዩት።