አሮጌው ፕሪንተር ለአዲሱ ላፕቶፕ አልታዘዝ ሲል

ላፕቶፕ ሲቀየር ወይም ራውተር ሲለወጥ፣ ለዓመታት ሲያገለግል የኖረው ፕሪንተር በድንገት «ኦፍላይን» ይላል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «በቃ አልቆለታል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሳል። አይቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም። ላፕቶፑ ወረቀቱን የሚልከው ፕሪንተሩ ወደሌለበት አድራሻ ነው፤ ወይም ደግሞ ፕሪንተሩ በማይገባው ቋንቋ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው ዋናው ሥራ።

1. ፕሪንተሩን ለብቻው ይፈትሹ

ከላፕቶፑ ነቅለው የራሱን የመፈተሻ ገጽ እንዲያትም ያድርጉ። ስክሪን ካለው ከሜኑው ይገኛል። ከሌለው አንዱን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ መመሪያው ይናገራል። ገጹ ጥርት ብሎ ከወጣ ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው። ካልወጣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ድካም ብቻ ነው፤ ችግሩ ላፕቶፑ ጋ አይደለም። ፕሪንተሩ ዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ኬብል የሚቀበል ከሆነ የአይፒ አድራሻውንም (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) አብሮ ያትማል፤ አንዳንዱ ለብቻው በሌላ ገጽ ያወጣዋል። ወረቀቱን አይጣሉት።

2. አንዴ በዩኤስቢ ያገናኙት

በዋይፋይ ሊጠቀሙበት ቢያስቡም መጀመሪያ በኬብል ይሞክሩት። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት፤ ሀብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚከፍል ዕቃ) መሃል አይግባ። ረጅም ኬብልም ጣጣ አለው፤ ለዩኤስቢ 2.0 ኬብል ከፍተኛው ርዝመት 5 ሜትር ነው። ላፕቶፑ ታይፕ ሲ ብቻ ካለው ተራ አዳፕተር ይበቃል። አሮጌ ፕሪንተሮች ላይ ብዙ ጊዜ «ሶፍትዌሩ ሳይጫን ኬብሉን አትሰኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ሰው ይንቀዋል እንጂ ምክንያት አለው፦ ቀድመው ከሰኩት ዊንዶውስ ደስ ያለውን ድራይቨር (ላፕቶፑ ከፕሪንተሩ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) ይጭንና በኋላ ትክክለኛው ሲመጣ ይጋጫሉ። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ካለ መጀመሪያ በ3ኛው ያለውን ድራይቨር ይጫኑ፣ ከዚያ ኬብሉን ይሰኩ።

3. ድራይቨር

እዚህ ላይ ጊዜ ከማባከንዎ በፊት የላፕቶፑን ዓይነት ይዩ። ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ይበሉ። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ ለ32 ቢት ብቻ የተሠራ ድራይቨር አይሠራም። ፕሮሰሰሩ «አርም» ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እነዚህ ላፕቶፖች ለሌላ ፕሮሰሰር የተጻፉ ፕሮግራሞችን አስመስለው ያሠራሉ፤ ድራይቨርን ግን አያሠሩም። ለአርም የተሠራ ድራይቨር ከሌለ ሌላ ላፕቶፕ መፈለግ ይሻላል።

ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። «ድራይቨሮችህን ሁሉ በአንዴ አድስልሃለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞች አይመቹኝም፤ ችግር ከመፍታት ይልቅ ማስታወቂያ ሲጭኑ ነው የሚታዩት። ያገኙትን ፋይል ደግሞ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት። ማይክሮሶፍት በ2023 የአምራቾችን የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት ማከፋፈሉን ቀስ በቀስ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ የአሮጌ ሞዴል ፋይልም ከአምራቹ ገጽ አንድ ቀን ሊነሳ ይችላል።

አምራቹ ምንም ካላስቀመጠ፣ ፕሪንተሩ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የሚባሉት የፕሪንተር ቋንቋዎች የሚገቡት መሆኑን መግለጫው ላይ ይፈልጉ። የሚገቡት ከሆነ በጠቅላላ ድራይቨር (ለአንድ ሞዴል ብቻ ባልተሠራ) ይሠራል። ርካሽ የቤት ፕሪንተሮች ግን ብዙዎቹ ሁለቱንም አያውቁም። አንድ መስመር ትርጉም የለሽ ፊደል ያለበት ወረቀት በላይ በላዩ ከተፋ ድራይቨሩ የእሱ አይደለም፤ ቶሎ ያጥፉት፣ ወረቀት ይጨርሳል። ሊኑክስ ያለው ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው፤ አሮጌ ፕሪንተርን ከአዲስ ዊንዶውስ በተሻለ ሲያውቅ አይቻለሁ።

4. የተቀረቀረውን ያጽዱ

ወረፋው ላይ የቀረ አንድ ፋይል የኋላውን ሁሉ ያግዳል። «ዲሊት» ቢሉት እምቢ ካለ፣ «ሰርቪስስ» የሚለውን ይክፈቱና ወረፋውን የሚያስተዳድረውን «ፕሪንት ስፑለር» ያቁሙ። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብለው ይግቡና ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ያጥፉ። ፎልደሩን ራሱን አይንኩ። ስፑለሩን መልሰው ያስነሱ።

5. አድራሻው፦ ሰው ሁሉ የሚጠፋበት ቦታ

ፕሪንተሩ በርቷል፣ ዋይፋዩ አለ፣ ትናንት ሠርቷል፣ ዛሬ ኦፍላይን ነው። ነቅለው ሲሰኩት ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ መልሶ ይጠፋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ አድራሻ የሚሰጠው በውሰት ነው። ፕሪንተሩ ጠፍቶ ቆይቶ ሲነሳ ሌላ አድራሻ ሊደርሰው ይችላል። ላፕቶፑ ግን የድሮውን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ ቤት የለቀቀ ሰው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ስለዚህ ያቺን ወረቀት ያውጡ። ለምሳሌ 192.168.1.40 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ እንበል። እሱን ብሮውዘር ላይ ይጻፉት። የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ መንገዱ ክፍት ነው፣ ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ካልተከፈተ ግን ድራይቨር እየጫኑ እየነቀሉ አይድከሙ፤ ችግሩ ኔትወርኩ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ነው ግማሽ ቀን የሚያጠፋው።

ገጹ ከተከፈተ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ ራውተሩ ውስጥ ገብተው ይህ አድራሻ ለፕሪንተሩ ብቻ እንዲያዝ ያድርጉ፤ «ሪዘርቬሽን» ይባላል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ «ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ፖርትስ» የሚለውን ይክፈቱ። ምልክቱ ያለው «ደብሊውኤስዲ» በሚል ስም ላይ ከሆነ ጠርጥሩ፤ ዊንዶውስ በራሱ ፈልጎ የሚያገኝበት መንገድ ነው፣ በአሮጌ ፕሪንተር ግን ሲመጣ ሲሄድ ይኖራል። «አድ ፖርት» ብለው «ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት» ይምረጡና ቁጥሩን ያስገቡ። እዚያው «ኮንፊገር ፖርት» ውስጥ «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ ኢነብልድ» የሚል ሳጥን አለ። ምልክቱን ያንሱት። ዊንዶውስ በዚህ በኩል ፕሪንተሩን ደህንነቱን ይጠይቃል፤ አሮጌው መልስ ካልሰጠ እየሠራም «ኦፍላይን» ተብሎ ይቀራል። ይህቺን ትንሽ ሳጥን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ገጹ ካልተከፈተ ወደ ራውተሩ ይሂዱ። አሮጌ ፕሪንተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ብቻ ነው። ላፕቶፑ በ5 ጊጋኸርዝ ቢሆን ችግር የለም፤ ሁለቱ በአንድ ራውተር፣ በአንድ ኔትወርክ ይሁኑ እንጂ። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ግን በአብዛኛው አይተያዩም። የራውተሩ ጥበቃ «ደብሊውፒኤ 3» ብቻ ከተደረገ አሮጌው አይገባም፤ 2 እና 3 አንድ ላይ የሚለውን ይምረጡ። ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን ካለም ለጊዜው ያጥፉት።

ፕሪንተሩ የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ ካለው ደግሞ ይህን ሁሉ የዋይፋይ ጣጣ ትተው በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። የእኔ ምርጫ ሁሌም እሱ ነው።

ስካን የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ አንድ ነገር ይቀራል። ጠቅላላው ድራይቨር ማተሙን እንጂ ስካኑን አያመጣም። ለስካን የአምራቹ ሶፍትዌር ከሌለ፣ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ፕሪንተር ላይ ስካኑን በቀጥታ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሜኑውን ይዩ።