ጨው፣ ስኳርና አምቦ ውሃ፦ ማሟሟትን በማድ ቤት ዕቃ ማስተማር

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «ስኳር ቶሎ እንዲሟሟ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ አይጠፋቸውም፦ ማማሰል፣ ማሞቅ፣ መፍጨት። «ብዙ ስኳር እንዲሟሟስ?» ስላቸው ያንኑ ይደግሙልኛል። ፍጥነትና መጠን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅ ይህን በዓይኑ ካየ አይረሳውም፤ ለማሳየት ደግሞ ላብራቶሪ አያስፈልግም።

ያልተፈጨ ጨው፣ ስኳር፣ የምግብ ዘይት፣ እርድ፣ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ፣ ብርጭቆዎች፣ ሁለት ትንንሽ የብረት ኩባያዎች፣ ሙቀጫና የሻይ ማንኪያ አዘጋጁ። ከፋርማሲ ደግሞ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ መርፌው አያስፈልግም። ሲሪንጁን እባካችሁ አትተዉት። ውሃው በግምት ከተለካ ልጆቹ ያዩትን ማመን ይከብዳቸዋል።

ከፍጥነት ጀምሩ። አንድ ማንኪያ ያልተፈጨ ጨው እኩል ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ግማሽ በሙቀጫ ውቀጡት። የተፈጨ ጨው ለብቻ አትስፈሩ፤ በማንኪያው ውስጥ አየር የሚይዘው ቦታ ስለሚለያይ ክብደቱ እኩል አይሆንም። ሁለቱን እኩል ውሃ ባለባቸው ብርጭቆዎች ጨምሩና እኩል አማስሉ። የተወቀጠው ይቀድማል። ውሃ ጨውን የሚያገኘው ከላይ ከገጽታው ብቻ ነው፤ ሲወቀጥ ብዙ አዲስ ገጽታ ይወጣል። ከዚያ የተወቀጠ ጨው በሁለት ብርጭቆ አድርጋችሁ አንዱን ብቻ አማስሉ። ጨው አጠገብ ያለው ውሃ ቶሎ ይጠግባል። ማማሰል ያንን ውሃ ገፍቶ ሌላ ያመጣል።

አሁን ወደ መጠን። እኔ ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። በእያንዳንዱ የብረት ኩባያ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ በሲሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ። ወደ አንዱ የተወቀጠ ጨው፣ ወደ ሌላው ስኳር በግማሽ ማንኪያ በግማሽ ማንኪያ እያደረጋችሁ አማስሉ። ጨው አንድ ማንኪያ ለጥ ያለ ገብቶ ትንሽ እንደጨመራችሁ ከሥር መቅረት ይጀምራል። ስኳር ግን 10 ማንኪያ አካባቢ ይገባል! ልጆቹ ማንኪያውን ራሳቸው ይቁጠሩ። በ20 ዲግሪ ሙቀት 100 ግራም ውሃ 36 ግራም ያህል ጨው ወይም 200 ግራም ያህል ስኳር ነው የሚይዘው።

ውሃው ጠግቧል። እስኪደክማቸው ያማስሉ፣ የቀረውን አውጥተው እንደገና ይውቀጡት፤ አይሟሟም። መውቀጥና ማማሰል ያፋጥናሉ እንጂ ልኩን አያሳድጉም። በደብተራቸው «ፍጥነት» እና «መጠን» የሚል ሁለት ዓምድ አስምረው ይህን እዚሁ ይጻፉ።

ቀጥሎ ኩባያዎቹን ክደኑና ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሟቸው። ይህን ትልቅ ሰው ይሥራው፤ ትኩስ የስኳር ውሃ ክፉኛ ያቃጥላል። ስኳሩ ይሟሟል፤ ሌላም ብትጨምሩ ይቀበላል። በ100 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ ወደ 490 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይይዛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ጨው ግን ከ36 ወደ 39 ግራም ቢደርስ ነው። ከሥር የቀረው ጨው እዚያው ነው። «ሙቀት ሁሉን ነገር ያሟሟል» የሚለውን ደንብ ከልጆቹ ጭንቅላት የሚያወጣው ይህች የቀረች ጨው ናት።

የጨዉን ውሃ አትድፉት። ሰፊ ሳህን ላይ አፍሳችሁ ፀሐይ ላይ አኑሩት። ውሃው ሲተን ጨው ይመለሳል። አፋር ክልል፣ አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተውም የሐይቁን ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ በፀሐይ በማትነን ነው።

ጋዝ ደግሞ የሙቀት ነገር ይገለበጥበታል። ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቅዱ። አንዱን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት። ለብ ባለው ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ብርጭቆ አረፋው ይበዛል፤ ቆይታችሁ ብትቀምሱት ልሟል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ጠርሙሱ ሲከፈት «ፍሽሽ» የሚለውስ? እሱ የግፊት ሥራ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ይወጣል።

የመጨረሻው የፈሳሹ ዓይነት ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በሌላው ዘይት አድርጉና ጥቂት እርድ በየራሳቸው ጨምሩ። አማስላችሁ ተዉት፤ ዱቄቱ ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ዘይት ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ የእርድ ቀለም በዘይት እንጂ በውሃ ብዙም ስለማይሟሟ ውሃው ያን ያህል ቀለም አይወስድም። ቁሌት ላይ የበርበሬው ቅላት ወደ ዘይቱ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ ዘይት ውስጥ ደግሞ ጨው ጨምራችሁ አማስሉ፦ በውሃ በደቂቃ ያለቀው ጨው በዘይት ውስጥ ፍንክች አይልም።