ሻጋታ ሳይቀድማችሁ፦ የፓንክና የጎዝ ካሴቶችን በሐዋሳ ወደ ፋይል መገልበጥ

ቁም ሣጥን ላይ ከተቀመጠው የፓንክ (ፈጣንና ጥሬ ሮክ) እና የጎዝ (ከፓንክ የወጣ፣ ጨለም ያለ ሮክ) ካሴት ካርቶን ውስጥ አብዛኛው መገልበጥ አያስፈልገውም። የዘ ክላሽም ሆነ የጆይ ዲቪዥን አልበም ጥርት ብሎ በየስልኩ ይገኛል፤ ሙዚቃ ቤት የቅጂ ቅጂ ሆኖ የተቀዳው ካሴት በጥራት አጠገቡ አይደርስም። ድካም የሚገባው ሌላ የትም ለሌለው ነው፦ ከአጭር ሞገድ ራዲዮ ለተቀዳ ፕሮግራም፣ ጓደኛ ለጓደኛ መርጦ ላዘጋጀው ድብልቅ፣ ለሠፈር ባንድ ልምምድ፣ በሁለት ዘፈን መካከል ሳይታሰብ ለገባ ሳቅ። ጆን ፒል በቢቢሲ የዓለም አገልግሎት ያቀርብ የነበረውን ፕሮግራም ከራዲዮ ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ የአቅራቢው ድምፅ፣ የሞገዱ መራቅና መቅረብ፣ ፉጨቱም ጭምር ከዘፈኑ እኩል ዋጋ አለው። ስለዚህ ሥራው ካሴቱን ማሳመር አይደለም፤ ክሩ ላይ ያለውን እንዳለ ማውጣት ነው።

ቅድሚያ ስጡ፦ መጀመሪያ ሻጋታ የጀመራቸው፣ ቀጥሎ ሲ-120 (ቁጥሩ ሁለቱ ገጾች ተደምረው የሚይዙት ደቂቃ ነው)፣ ከዚያ የቀሩት። የሲ-60 ክር ውፍረት 18 ማይክሮን ገደማ፣ የሲ-90 12፣ የሲ-120 ደግሞ 9 ብቻ ነው። በቀላሉ የሚለጠጠውና ቴፑ የሚበላው እሱ ነው።

ከማጫወት በፊት

በካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ካልተሰበሩ አሁኑኑ ስበሯቸው። ተሰብረው በወረቀት ወይም በእስኮች ተደፍነው ከሆነ ድፍኑን ንቀሉ። የመቅጃው ቁልፍ በስህተት አንዴ ቢነካ የጠፋው አይመለስም።

ከዚያ ሽፋኑን አንብቡ፣ የተጻፈበትን ሁሉ ፎቶ አንሡ። «82» ወይም «83» የሚል ቁጥር ካያችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከይዘቱ አረጋግጡ። የዘ ኪዩር አልበም «ዲስኢንተግሬሽን» የወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱን የያዘ ካሴት ላይ «82» ከተጻፈ 1982 ዓ.ም. እንጂ 1982 እ.ኤ.አ. ሊሆን አይችልም። ይህን ሳያጣሩ ፋይል የሰየሙ ሰዎች ስብስባቸው በሰባት ስምንት ዓመት ተዛንፎ ይቀራል።

በሐዋሳ ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። ወደ ሐይቁ በተጠጉ ሠፈሮች፣ በተለይ ከግድግዳ ጋር በተጣበቀ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ እርጥበቱ ካሴት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ካሴቱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር ጠርዝ ተመልከቱ። ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ አታጫውቱት። ሻጋታው ሄዱ (ክሩ ላይ ያለውን ድምፅ የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ ይለጠፍና ቀጥሎ የሚገባውን ንጹሕ ካሴት ሁሉ ይበክላል። ካሴቱን ለብቻው በሚከደን ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር (በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ከረጢት) አስቀምጡ፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይሆንም፤ ቅርፊቱ ይጣመማል። ሥራው በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ያደረቁት መልሶ ይረጥባል።

የደረቀው ካሴት ይከፈታል። ብዙዎቹ በአምስት ቪቴ የታሰሩ ናቸው፤ ትንሽ ባለመስቀል ካቻቪቴ ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ ካሴቱን አጋድሙ፣ ክዳኑን ከላይ አንሡና ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሡ። ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች፣ ሁለት ስስ የፕላስቲክ ወረቀቶች፣ በመዳብ ላሜራ ላይ የተለጠፈች የሱፍ ትራስ ታያላችሁ። ትራሷ ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ናት፤ ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ድምፁ ይደበዝዛል፣ አንዱ ወገን እየጠፋ ይመጣል። ከማይረባ ካሴት ላይ ሙሉ ላሜራውን አውጥታችሁ ተኩ፤ በሱፐር ግሉ መለጠፍ አይመከርም፣ ፈስሶ ክሩን ይይዛል። ቪቴ የሌለው፣ በሙቀት የተጣበቀ ካሴት ከሆነ ስፌቱን በምላጭ ክፈቱና ሁለቱን ጥቅሎች ባለ ቪቴ ወደሆነ ሌላ ቅርፊት አዛውሩ።

ሻጋታውን ለመጥረግ ሄዱ የማይሠራ አሮጌ ቴፕ ካለ ፍቱን ነው። ክሩን በዝግታ እያጠነጠናችሁ ቃጫ በማይተው ደረቅ ጨርቅ በስሱ ያዙት። አልኮል ክሩ ላይ አታድርጉ። ይህን ሥራ በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ እንጂ መኝታ ቤት ውስጥ አይሠሩትም።

የተበጠሰ ክር ሲገጥም ሁለቱን ጫፎች ደራርባችሁ በአንድ ላይ በ45 ዲግሪ ቁረጡ፣ ሳይደራረቡ ጫፍ ለጫፍ አገናኙ፣ ወደ ሄዱ በማያየው ፊት ላይ ብቻ ሁለት ሳንቲ ሜትር በማትሞላ መቀጠያ ፕላስተር ያዙት። ክሩ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከጠርዙ የተረፈውን ፕላስተር መከርከም ግድ ነው። ተራ እስኮች ሙጫው እያደር ይወጣና ጎረቤት ክሮችን ያጣብቃል፤ ሌላ ከጠፋ ብቻ፣ ያውም በዚያው ቀን ለመገልበጥ።

ማጫወቻው

ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት አዳዲስ ባለ ዩኤስቢ ትንንሽ ማጫወቻዎች ያጓጓሉ። አትግዟቸው። ሞተራቸው ይወዛወዛል፣ አንዳንዶቹ ስቲሪዮ እንኳ አይደሉም። ከገበያው አካባቢ የሬዲዮና ቴፕ ጥገና ከሚሠሩት ዘንድ አሮጌ ዴክ (የራሱ ስፒከር የሌለው፣ ከማጉያ ጋር የሚገናኝ የካሴት ማጫወቻ) ፈልጎ ማሠራት ይሻላል፤ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ከመሸጫው ይልቅ ጠጋኙ ያውቃል።

ሲገዙ የሚታየው መጀመሪያ ቺንጋው ነው። ሞተሩ እየዞረ ካሴቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወይም ዘፈኑ ከተጎተተ፣ የላስቲኩ ቺንጋ ላልቷል፤ ብዙ ጊዜም ቀልጦ ጥቁር ማር ሆኗል። ቅሪቱን በአልኮል ጥረጉ። የአዲሱን ልክ ለማወቅ ቺንጋው በሚሄድበት መንገድ የስፌት ክር አዙሩ፣ ርዝመቱን ለኩ፣ 5 በመቶ ቀንሱ። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ለሙከራ ያህል ያዞረዋል፤ ለቅጂ ግን ድምፁን እንደ ሰካራም ያስኬደዋል።

ሄዱንና ክሩን የሚጎትተውን የብረት ዘንግ በጆሮ ማጽጃ ጥጥና በአልኮል አጽዱ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ተመራጭ ነው፤ የፋርማሲው 70 በመቶም ለብረቱ ይሠራል፣ ውኃ ስላለው ግን በደንብ ይድረቅ። የእጅ ሳኒታይዘር ቅባት ስለሚተው አይሆንም። ዘንጉን የሚጫነውን ጎማ በለስላሳ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ አልኮል ውስጥ አትንከሩት፤ ይሰነጠቃል። ቡናማ ቅሪት ጥጡ ላይ መምጣቱን እስኪያቆም ቀጥሉ። ከአምስት ስድስት ካሴት በኋላ እንደገና።

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ለውጡ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሄዱን አቅጣጫ ማስተካከል ነው። ካሴቱን የቀዳው ቴፕና አሁን የሚያጫውተው ቴፕ ሄዳቸው አንድ ዓይነት አይቆምም፤ ልዩነቱ የፀጉር ያህል ቢሆንም ጸናጽሉንና የጊታሩን ጥርት ያለ ጫፍ ይበላዋል። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባትን ቪቴ ፈልጉ፣ የነበረችበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ ቀላቅላችሁ እየሰማችሁ በጥቂቱ አዙሩ። ድምፁ ከታፈነበት ድንገት የሚከፈትበት ነጥብ አለ፤ እዚያ አቁሙ። ከሩብ ዙር በላይ ካዞራችሁ ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ለየካሴቱ ይደገማል፤ ድብልቅ ካሴት ከሆነ አንዳንዴ ለየዘፈኑ።

ዶልቢን (የክሩን ሹክሹክታ የሚቀንሰውን ማብሪያ) የምታበሩት ሲቀዳ በዶልቢ መሆኑን ካወቃችሁ ብቻ ነው። ከራዲዮ በተሸካሚ ቴፕ የተቀዳው በአብዛኛው የለበትም፤ ብታበሩት ድምፁ ብርድ ልብስ ይለብሳል።

መገልበጥ

ከዴኩ «ላይን አውት» ከሚለው ቀዳዳ ውጡ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ካለ ቮልዩሙን ግማሽ አድርጉ፣ ኢኳላይዘሩን አስተኙ፣ ሜጋ ባስን አጥፉ። በኮምፒውተሩ በኩል ስቲሪዮ ላይን መግቢያ ያስፈልጋል። የስልክም ሆነ የአብዛኛው ላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ሞኖ ነው፣ ርካሾቹ የዩኤስቢ ድምፅ አስማሚዎችም እንዲሁ፤ ሳይታወቃችሁ አንዱን ወገን ጥላችሁ ትቀዳላችሁ። እንደ ቤሪንገር ዩሲኤ202 ያለ ቀላል ዕቃ ይበቃል። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይሁን፤ ነጻ ነው።

48 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቲሪዮ። ከዚያ በላይ ለካሴት ትርፍ ነው። በደቂቃ 11.5 ሜጋ ባይት ይፈጃል፣ ሙሉ ሲ-90 አንድ ጊጋ ገደማ። የደረጃ መለኪያው በጩኸቱ ከመቀነስ 12 እስከ መቀነስ 6 ዲሲቤል ይድረስ። ፓንክ ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ ተጭኖ ስለተቀዳ ክሩ ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ ይኖራል፤ ያ አይታከምም፣ የእናንተ ድርሻ ሁለተኛ ስንጥቅ አለመጨመር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ካሴቱን እስከ መጨረሻው አሳልፋችሁ መልሱ። የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ውጥረቱም እኩል ይሆናል። ሲ-120 ከሆነ ግን በፍጥነት አታሳልፉ። ሙሉውን ገጽ በአንድ ፋይል ቅዱ።

ዝቅ ያለ «ዝዝዝ» ከተሰማ ካሴቱን አቁሙና አዳምጡ። ካሴቱ ቆሞም ከቀጠለ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሥሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይጠፋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫኑ። ቁልፋቸው በእጅ የሚጫን ቴፖች መብራት ሲጠፋ ጎማው ክሩን እንደጨበጠ ይቀራል፤ ለሰዓታት ከቆየ ጭረት ይተዋል፣ መብራቱ ሲመለስም ክሩን የሚበላው ያኔ ነው።

ፍጥነት

መደበኛው ፍጥነት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ተሸካሚ ቴፖች ከዚህ ጥቂት በመቶ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። 6 በመቶ ሲደርስ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ይዘላል፤ ጥልቅ ድምፅ ላለው የጎዝ ዘፋኝ ይህ ሰውየውን መለወጥ ነው።

ከቢቢሲ የተቀዳ ካሴት መለኪያውን ይዞ ይመጣል። በሰዓቱ መግቢያ የሚሰሙት ስድስት «ፒፕ» ድምፆች 1,000 ኸርዝ ናቸው። የመጨረሻዋን ረጅም ፒፕ መርጣችሁ በኦዳሲቲ የድግግሞሽ ትንተና ተመልከቱ። 1,030 ካሳየ ካሴቱ 3 በመቶ ፈጥኗል፤ ፍጥነቱን በ0.971 አባዙት። ድምፅና ፍጥነትን አብሮ የሚቀይረውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ቴምፖ ብቻ የሚቀይረው ስህተት ነው። ፒፕ ከሌለ የታወቀ ዘፈን ርዝመትን ከታተመው ቅጂ ጋር አነጻጽሩ፣ ዘፈኑ ግን እየደበዘዘ የሚያልቅ ከሆነ ከመጀመሪያው የከበሮ ምት እስከ መጨረሻው ግልጽ ምት ለኩ።

መወዛወዝን ለመለየት ባለ ከበሮ ማሽን ሙዚቃ ይመቻል። ዘ ሲስተርስ ኦፍ መርሲ «ዶክተር አቫላንሽ» ብለው የሰየሙት ከበሮ ማሽን አይደክምም፣ አይቸኩልም፤ እሱ ከተንገዳገደ ጥፋቱ የቺንጋው ወይም የጎማው ነው። በጊታር ግን አትፍረዱ፤ የዚያ ዘመን ኮረስና ፍላንጀር (የጊታሩን ድምፅ የሚያወዛውዙ መሣሪያዎች) ሆን ተብሎ ይንቀጠቀጣል።

ማጽዳትና መቁረጥ

ድምፅ ማጥሪያውን ባትነኩት ይሻላል። የፓንክ ጊታር ራሱ ከጫጫታ የተሠራ ስለሆነ ፕሮግራሙ ጊታሩን ከክሩ ሹክሹክታ መለየት ያቅተዋል፤ ጸናጽሉ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሆኖ ይወጣል። ጎዝ ላይ ደግሞ የሚጠፋው በዝግታ የሚከስመው ማስተጋባት ነው። የግድ ካላችሁ ከ6 ዲሲቤል አትለፉ፣ ያልተነካውንም አታጥፉ። ለአጭር ሞገድ ቅጂ ግን አንድ ነገር ይፈቀዳል፦ በ5 ኪሎ ኸርዝ ላይ የሚያፏጨውን በጠባቡ መቁረጥ። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በ5 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ስለሚደረደሩ ፉጨቱ የጎረቤት ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በላይ ሙዚቃ እምብዛም የለም።

ፕሮግራሙ ዝምታን እየፈለገ በራሱ እንዲቆርጥ አታድርጉ። የባውሃውስ የ1979 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ከ9 ደቂቃ በላይ ነው፣ በመካከሉም ድምፁ ይሳሳል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ይበልተዋል። በጆሮ ቁረጡ፣ በዘፈኖች መካከል ያለውን ወሬም ለብቻው ፋይል አድርጉት።

ዋናውን በፍላክ (የድምፅ ፋይል ዓይነት) አስቀምጡ፤ ምንም ሳይቀንስ ቦታውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ስሙ ላይ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ገጹንና ምንጩን ጻፉ። የአማርኛ ስም ችግር የለውም፣ አንዳንድ የመኪና ማጫወቻ ግን ፊደሉን ሣጥን አድርጎ ያሳያል። ለድሮ ጓደኞች በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ይሁን፣ እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፤ እንደ ድምፅ መልእክት ከተላከ ይጨመቃል። አንድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ቤት። ፍላሽን ለማመላለሻ እንጂ ለማከማቻ አትመኑት።

ካሴቱን አትጣሉት፤ ወደፊት የተሻለ ዴክ ሊገኝ ይችላል። ወደ አንድ ጫፍ ሙሉ በሙሉ አጠንጥናችሁ፣ በሣጥኑ ውስጥ አቁማችሁ፣ ከስፒከር ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ፣ ከወለሉና ከግድግዳው ለይታችሁ አስቀምጡት። ሲሊካውን ከክረምት በፊት ቀይሩ።