የጥንት ፋንዚኖችን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋንዚን ማለት አንባቢው ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ አባዝቶ በፖስታ የሚልከው መጽሔት ነው። በ1930ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የሳይንስ ልቦለድ ፍቅር የያዛቸው አሜሪካውያን ጎረምሶች ይህን ሥራ ተያያዙት። ስለነሱ ሲወራ ግን ብዙ ነገር ይምታታል።

መጀመሪያ፣ ሱቅ ከሚሸጠው መጽሔት ጋር አያምታቷቸው። ሁጎ ጌርንስባክ በ1926 የጀመረው አሜዚንግ ስቶሪስ ፋንዚን አይደለም፤ የንግድ መጽሔት ነው። ውለታው ሌላ ነው፦ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበር። ልጆቹም በዚያ አድራሻ ተፈላልገው መጻጻፍ ጀመሩ። ብዙዎች የመጀመሪያው ፋንዚን የሚሉት ዘ ኮሜት በግንቦት 1930 የወጣው ከእንዲህ ዓይነት የደብዳቤ ወዳጆች ማኅበር ነው።

ቃሉም ቢሆን በ1940 የመጣ ነው። የ1930 ልጆች «ፋንዚን እናዘጋጅ» ሲባባሉ አድርገው አይጻፉ።

«ጽሑፉ የደበዘዘው አዘጋጁ ግዴለሽ ስለሆነ ነው» ማለት ደግሞ ትልቅ በደል ነው። ብዙዎቹ ማተሚያ ቤት የሚከፍሉት አልነበራቸውም። በልዩ ሐምራዊ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ጄላቲን የሚባል የረጋ፣ ለስላሳ ነገር ላይ ይለጥፋሉ። ቀለሙ ጄላቲኑ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ባዶ ወረቀት አንድ በአንድ እየጫኑ ያነሳሉ። ሃምሳ ቅጂ ገደማ ሲደርስ ቀለሙ ያልቃል፤ የመጨረሻው ሰው የሚደርሰው ጥላ ብቻ ነው። ይህ ቀለም ብርሃን አይወድም። አንድ ቅጂ እጅዎ ከገባ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅሉት! ትንሽ ገንዘብ ያላቸው በስቴንስል መቶዎችን ያባዙ ነበር። የትምህርት ቤት ፈተና በስቴንስል ሲባዛ ያየ ሰው እጃቸው ምን ይመስል እንደነበር አይጠፋውም።

«የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍም አለ። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ልጆች ናቸው። በጥር 1933፣ በ18 ዓመታቸው፣ በራሳቸው ፋንዚን ላይ ሱፐርማን የሚባል ሰው አወጡ። ያኔ ግን ራሰ በራ ክፉ ሰው ነበር! ዛሬ የምናውቀው ጀግና የታተመው በ1938 ነው። ቻርልስ ሆርኒግም አለ። የፋንዚኑን የመጀመሪያ እትም ለጌርንስባክ ላከለት። ሰውዬው አየውና ወንደር ስቶሪስ የተባለውን የንግድ መጽሔቱን እንዲያዘጋጅ ቀጠረው። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነበር።