ነዳጅ ስትሰጧት የምትለግም መኪና

ነዳጅ ትሰጧታላችሁ፤ እሷ ታመነታለች። አቀበት ላይማ ጭራሽ ትለግማለች። ይሄኔ ብዙ ሰው ዕቃ ወደ መቀየር ይሮጣል። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፓምፕ... ብሩ ያልቃል፣ መኪናዋ እዚያው ናት።

ሞተሯ ትንሽ የሆነ መኪና ትርፍ ጉልበት የላትም። ትልቅ ሞተር ችሎ የሚያልፈው ጉድለት እሷ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ኤሲ መክፈት እንኳ ይከብዳታል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሲውን አጥፍታችሁ፣ የጎማውን ንፋስ አስለክታችሁ ሞክሯት። ካልተሻላት አንድ ነገር አዳምጡ፦ ስትረግጡ የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም

ማንዋል ከሆነች ፍሪሲዮን ጠርጥሩ። መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ፣ በ3ኛ ወይም በ4ኛ ማርሽ ዝግ ብላችሁ እየሄዳችሁ አንዴ አጥብቃችሁ ርገጡ። የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የቃጠሎ ሽታ ካለውማ አልቆለታል። አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮ ዘይቱን አሳዩ።

የሞተሩ ዙር ራሱ አልጨምርም ይላል

ቆማ የምትንቀጠቀጥ፣ ስትረግጧትም የምትርገፈገፍ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እሳት ነው፤ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል። ባለ 3 ሲሊንደር መኪና አንዱ ካልሠራላት የጉልበቷ ሲሶ ሄደ ማለት ነው። ተራ ካንዴላ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ጫፉ ከኢሪዲየም ብረት የተሠራው እስከ 100 ሺህ አካባቢ። ካንዴላ ተቀይሮም ካልተሻላት ለየሲሊንደሩ የየራሱ ኮይል ካለው ቦታቸውን አቀያይሩ። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ወደ ሌላ ሲሊንደር ከዞረ ጥፋተኛው ተገኘ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን አትንዷት። ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭስ መውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ውስጥ እየነደደ ያበላሸዋል።

ቆማ ደህና፣ በዝግታም ደህና፣ ጉልበት ሲያስፈልጋት ብቻ የምትታነቅ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንዱ የነዳጅ እጥረት ነው፤ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ፓምፑ ደክሟል። የነዳጁን ግፊት አስለኩ። ሳይለካ «ፓምፑ ነው» የሚል መካኒክ እየገመተ ነው። ግፊቱ ደህና ከሆነ ሁለተኛውን እዩ፦ የተደፈነ ካታሊቲክ ጭሱን አላስወጣ ብሎ ሞተሩን ያፍነዋል። እሱን ከመቀየር በፊት ያስደፈነውን ፈልጉ። ዘይት የሚበላ ሞተር አዲሱንም ይደፍነዋል።

የአየር ፊልትሮ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጠቁሮ ከሆነ ቀይሩት።

የሞተር መብራቱ በርቶ ከተወሰነ ዙር በላይ እምቢ ካለች፣ ሞተሩ እንዳይጎዳ የያዛት ኮምፒውተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብቡ። ኮዱ የሚጠቁመው ችግሩ ያለበትን አካባቢ እንጂ የግድ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም።

ሞተሩ ደህና፣ መኪናዋ ከባድ

ከኋላ የሚጎትታት ያለ ይመስላል? ፍሬን ይዞ ይሆናል። ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ እዚያ ጋ ፍሬኑ አይለቅም ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መውረዱንም እዩ። አትሳቁ፤ እኔ ያየሁት ፊልትሮ ከገዛሁ በኋላ ነው።